የሰው ቦታ በልጅነቱ አይደመደም



በየመንደራችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። ልጅ ገና ነፍስ ሳያውቅ ቦታ እንመድብለታለን። «ይሄ እረኛ ነው፤ ያኛው ለሞፈር ይሆናል፤ እሷ ለባል ናት፤ የሸማኔ ልጅ ከመወርወሪያው አይላቀቅም» እንላለን። ልጁ ሌላ ሥራ ሲያምረው ደግሞ «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ብለን እንተርትበታለን። እስቲ ነገሩን አብረን እንመርምረው። በእኔ አስተያየት ተረቱ ለጉልቻ ይሠራል፤ ለሰው ግን አይሠራም።

ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናወራው ድሉን እንጂ መንገዱን አይደለም። አበበ በ1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደ የባላገር ልጅ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሲቀጠር ወታደር ተብሎ እንጂ ሯጭ ተብሎ አልተመዘገበም። እዚያ ግን ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ አገኘው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው።

በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከዱት። ሙያው ሁሉ እግሩ ላይ ለነበረ ሰው ከዚህ የባሰ ምን አለ? ሆኖም በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ፣ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ሸርተቴ ተሽቀዳድሞ አሸነፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ «ቦታዬ አለቀ» ብሎ አልተቀመጠም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአራሽ ይበልጥ ይቀርባል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ1942 ዓ.ም. ገደማ በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አደረጉ። ልጁ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል፤ ሳምንቱን ተምሮ ዓርብ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ደረሱ፤ ከዓለማያ ኮሌጅ በ1965 ዓ.ም. ተመረቁ፤ በኋላም በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ ሆኑ።

ታዲያ ይህ ሁሉ መንገድ የት አደረሳቸው? መልሶ ማሽላ ማሳ ላይ! አቀንጭራ ያጠቃው ማሳ ያላችሁ ጉዳቱን ታውቁታላችሁ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የማሽላው ሥር የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እምብዛም የማያወጡ የማሽላ ዘሮችን አስገኙ። ከነዚህ ውስጥ «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት በአገራችንም ተለቀዋል። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ለዚህና ድርቅን ለሚቋቋም የማሽላ ዘር ሥራቸው የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀበሉ።

«ኧረ ተው! ሁሉም አበበ፣ ሁሉም ፕሮፌሰር ሊሆን ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ አይሆንም። ነገር ግን በቅርባችን ያለውን እንይ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ አዋቂ ገበሬዎች በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጠሩ። ከነርሱም መካከል ትናንት በጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ ሰዎች የገበሬ ማኅበራቸው ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ከሞፈራቸው አልተለዩም፤ በላዩ ላይ ሌላ ሙያ ጨመሩበት እንጂ።

«ሁሉ ከሄደ ማን ይረስ?» ለሚለውም መልስ አለ። አንድ ጥማድ መሬት ለአምስት ወንድማማች ሲካፈል ለማንም አይበቃም። አንዱ አናጢ፣ አንዷ የጤና ሠራተኛ፣ አንዱ የወፍጮ ጠጋኝ ቢሆኑ ለሚያርሰውም ይተርፈዋል። ለዚህ ግን ስድባችንን እንተው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» ማለት ግን ዛሬም ከአንዳንዶቻችን አፍ አልወጣም። ማረሻውን ማን የሠራልን መሰለን?

እናንተ ወጣቶችም ስሙ። መማር ማለት ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ የማሽላውን ነገር አስታውሱ። የተማረ ሰው ወደ አፈር ቢመለስ ውርደት አይደለም።

ከሁለቱም ሕይወት አንድ ነገር እንያዝ። አንዱ አሠልጣኝ ነበረው፤ ሌላው ከቤት አንድ ሠራተኛ እጅ ጎድሎባት እሑድ ማታ ልጇን የምትሸኝ እናት ነበረችው። ቦታውን ያገኘ ሰው በር የከፈተለት ሰው አለው። በሩን የያዝነው ደግሞ እኛ ወላጆች ነን። ስለዚህ አጨዳ በደረሰ ጊዜ ልጃችንን ከትምህርት ቤት ከማስቀረታችን በፊት ከጎረቤት ጋር ወንፈል እንግባ። ልጃገረዷን ለዳር ከማጨታችን በፊት ምን መሆን እንደምትፈልግ እንጠይቃት። አዋቂውም «እኔማ አረጀሁ» አይበል። ሥራ ሳይሞከር የማን እንደሆነ አይታወቅም።