እሾህን መላጨት ይብቃን

ሮቤም ሆነ ጎባ፣ መስቀል ሲቃረብ ከየግቢው የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፤ የገጀራ። ክረምቱን ሙሉ ከአጥር ሥር ወጥቶ ሣራችንን የወረረውን ኮሸሽላና ቀጋ እንቆራርጣለን፣ «ግቢው ጸዳ» እንላለን፣ ቡና እናፈላለን። በዓመቱ ተመልሰን እዚያው ነን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ቆም ብዬ ያሰብኩት ልጄ ኳስ ተከትሎ ሮጦ፣ እግሩን ይዞ እያለቀሰ የተመለሰ ቀን ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ እያጠፋነው አይደለም፣ እየላጨነው ነው። ሥሩ የቀረ እሾህ በአንድ ግንድ ፋንታ ሦስት አራት ቡቃያ ይዞ ይመጣል። ጥጥ የሚያወጣው ዓይነት ኮሸሽላ ደግሞ አበባ ይዞ ከተቆረጠ መሬት ላይ ተጥሎም ዘሩን ያበስላል። እኛ ቦይ ዳር እንወረውረዋለን፣ ነፋሱ ለጎረቤት ያደርሰዋል።

አንዳንዱ ሰው ለስንዴ የገዛውን ቱፎርዲ ግቢው ውስጥ ይረጫል። መድኃኒቱ ሣሩን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን እንደሚመታ እውነት ነው። ግን የጎረቤት ጎመንና ባቄላም ሰፊ ቅጠል ነው! ልጆችና ዶሮዎች በሚውሉበት ቦታ ይህን መርጨት ለእኔ ድፍረት ነው።

የባሌ ደጋ ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግና መኸር። እሾሁ በዓመት ሁለቴ የሚያገረሽብን ለዚህ ነው። ግን አፈሩም ሁለቴ ይለሰልሳል። ስለዚህ አበባ ሳያወጣ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ በገጀራ ሳይሆን በዶማ ከነሥሩ እንንቀለው። ጉድጓዱ ባዶ አይቅር፤ ሰርዶ ይተከልበት። ባዶ መሬት ለኮሸሽላ የግብዣ ወረቀት ነው። በጎችም ሣሩን እየጋጡ እሾሁን ስለሚተዉት፣ ሣሩ እስኪጠነክር ከዚያ ቦታ ይራቁ።

«እሾህ ሁሉ ይጥፋ» ማለቴ አይደለም። ቀጋ የአገራችን ተክል ነው፤ አጥር ይሆናል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ቦታው አጥር ነው፣ በቦታው ይኑር።

የምፈራው ከሩቅ የሚመጣውን ነው። ለበጎ ተብሎ አፋር የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሔክታር በላይ መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን ግጦሽ አሳጥቶታል። እሱ የቆላ ዛፍ ነው፣ የእኛ ብርድ አይስማማውም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው፤ አበባው አማረኝ ብሎ የወፍ ቆሎ ችግኝ ጭኖ የሚመጣ ሰው፣ ከብት የሚመርዝና ወፍ የሚዘራውን ተክል እያመጣ እንደሆነ ይወቅ።

በመጨረሻም፣ እሾህ የአጥር ድንበር አያውቅም። እኔ ነቅዬ ጎረቤቴ ካልነቀለ ድካሜ ከንቱ ነው። ለእርሻ ደቦ የምንወጣ ሰዎች በዓመት ሁለት ቅዳሜ ለሰፈራችን መውጣት እንዴት ያቅተናል?

እኔ ዶማዬን ስያለሁ። እናንተስ?