ከቀጠሮ እስከ ቀዶ ሕክምና፦ ለሐይቅና ለአምባሰል ታካሚዎች የዝግጅት ሳምንታት

ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ከውጫሌ የሚነሣ ሰው ደግሞ ሐይቅን አልፎ ይጓዛል። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ደሴ የደረሰ ታካሚ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ሲነገረው፣ ሕመሙ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ቀጠሮ ይሰጠዋል። ቀጠሮው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ጊዜ ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ስንቅ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰቢያ አድርጎ ያየዋል። በሕክምናው በኩል ግን እነዚህ ሳምንታት የሕክምናው አካል ናቸው። ሳይሠራባቸው ሲያልፉ፣ በቀጠሮው ዕለት የደም መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘ ታካሚ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንዲጠብቅ መደረጉ በየትኛውም ሆስፒታል የሚያጋጥም ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት የተቀደደውን ሥጋ መልሶ የሚሠራው በፕሮቲን ነው፤ ኦክስጅንን ወደ ቁስሉ የሚያደርሰው ደም ደግሞ ያለ ብረት ማዕድን አይመረትም። የደም ማነስ ይዞት ወደ ቀዶ ሕክምና የገባ ሰው ደም የመውሰድ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ለኢንፌክሽን የሚጋለጥበትና በሆስፒታል ረዘም ላለ ጊዜ የሚተኛበት ዕድልም ሰፊ ነው። በማህፀን ዕጢ ምክንያት በየወሩ ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ለዚህ ዋና ምሳሌ ናት፤ ለቀዶ ሕክምና ያበቃት ሕመም ራሱ አቅሟን አስቀድሞ ጨርሶታል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም፣ የወንድ ደግሞ ከ13 ግራም ሲያንስ የደም ማነስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው።

ችግሩ የከሱ ሰዎች ብቻ አይደለም። ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና በተስፋፋባቸው አገሮች ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊት የታካሚውን የብረት፣ የፎሌት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የቫይታሚን ዲ መጠን ያስመረምራሉ። ክብደቱ የበዛ ሰው እነዚህ ንጥረ ነገሮች አንሰውት መገኘቱ እዚያ የተለመደ ነው፤ ውፍረት የተከማቸ ስብ ምልክት እንጂ የተመጣጠነ ምግብ ማስረጃ አይደለምና። ጉድለቱ ሳይስተካከል ሆዱ ከጠበበ ከዚያ በኋላ ማካካስ ይከብዳል፤ በዚህም ምክንያት ታካሚዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ተጨማሪ ቫይታሚን እንዲወስዱ ይታዘዛሉ። በውጭ አገር ይህን ቀዶ ሕክምና አድርጎ የተመለሰ ሰው ማስታወክ ከቀጠለበት ሳይዘገይ መታየት ይገባዋል፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎልን በአጭር ጊዜ ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ሲባል ኪኒን ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ የብሪታንያ ጥናት የደም ማነስ ያለባቸውን 487 ታካሚዎች ተከታትሎ፣ ከከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና በፊት በደም ሥር የተሰጠ ብረት ደም የመውሰድን ፍላጎትም ሆነ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሆኖም ብረቱን የወሰዱት ከወራት በኋላ የተሻለ የደም መጠን ነበራቸው። ከዚህ የሚነበበው የጊዜን ወሳኝነት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ የተሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ነበር። በአፍ የሚወሰድ የብረት ኪኒን ደግሞ ሄሞግሎቢንን ከ1 እስከ 2 ግራም ከፍ ለማድረግ ወር ገደማ ይፈልጋል። በቀጠሮው ዋዜማ የተጀመረ ኪኒን ስለዚህ እምብዛም አይጠቅምም።

በተለይ ቡና አፍቃሪ ለሆነው የወሎ ቤተሰብ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ፤ ኪኒኑና ምግቡ ከጀበናው አንድ ሁለት ሰዓት መራቅ አለባቸው። ሎሚ ወይም ብርቱካን ግን ያግዛል። ኪኒኑ ሰገራን ማጥቆሩ የሚያስደነግጥ አይደለም። ለፕሮቲን ውድ ዱቄት መግዛት ግድ አይደለም፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተትና ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ በአካባቢው ይገኛሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለካህናት የሚተው ነው፤ ክርስትናውም እስልምናውም ግን ለታመመ ሰው ጾምን እንደሚያቀሉ የታወቀ በመሆኑ፣ ቀጠሮው በሁዳዴ ወይም በረመዳን የሚውልበት ታካሚ የሃይማኖት አባቱንና ሐኪሙን አስቀድሞ ቢያማክር ይጠቀማል። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ በላይ የቀነሰ ሰው ደግሞ በቤት ምግብ ብቻ ሳይወሰን በባለሙያ ሊታይ ይገባል፤ እጅግ ለተጎዳ ታካሚ ከባድ ቀዶ ሕክምናን ከ7 እስከ 14 ቀን አዘግይቶ መመገብ የተሻለ እንደሆነ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ያመለክታሉ።

በገበያና በስልክ የሚሸጡ «ደም የሚጨምሩ» ወይም «የሚያከሱ» ምርቶች ሌላ ሥጋት ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው፤ አጠራጣሪ ምርት ያጋጠመው ሰው በነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላል። ለመድኃኒት ተብሎ በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ወይም ጥቁር አዝሙድም ደም በቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳይደበቅ መነገር አለበት። በወጥ ውስጥ የሚገባው መጠን የሚያሳስብ አይደለም።

ወጪውን በተመለከተ ተሁለደሬ ወረዳ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ የሪፈር ሥርዓቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን በከፊል ራሱ ለመሸፈን ሊገደድ ይችላል። ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በመድኑ አይሸፈንም። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተሰጠው አባል ቀጠሮው አንድ ወር ተኩል ያህል ሲቀረው መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይዞ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሄሞግሎቢኑን ቢያስመረምርና ክብደቱን ቢያስለካ፣ ውጤቱንም ጽፎ ወደ ደሴ ቢወስድ፣ ሐኪሙ ኪኒን ለማዘዝም ሆነ ቀጠሮውን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል።