ቀኑን ባይነግሩን ቦታውን ነግረውናል
ግልጽ ደብዳቤ፦ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በጣርማበር ቦታ ለምትመሩ፣ ፈቃድ ለምትሰጡና በጀት ለምትመድቡ ኃላፊዎች

ክቡራን ሆይ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ተደጋግማ ስትናወጥ፣ የአንዱም ነውጥ መጠን 5.8 ሲደርስ፣ ሁሉም የጂኦሎጂስት ያለህ አለ። ነውጡ ጋብ ሲል ጥሪውም አብሮ ጋብ አለ። ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ ይህ ነው። የመንግሥት ጂኦሎጂስት ሥራው ከአደጋ በኋላ መግለጫ መስጠት ነውን? ዕድሜውን የሚፈጀው ገደል ለገደል ነው። መዶሻና ኮምፓስ ይዞ የስንጥቁን አቅጣጫ ይለካል፤ ቁልቁል የዘመመውን ዛፍ ያያል፤ አምና ደረቅ በነበረ ማሳ ላይ የፈለቀው ውኃ ከየት እንደመጣ ይመረምራል። ይህን ሁሉ በካርታና በሪፖርት አስፍሮ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ አደራ ነው። ታዲያ ቤት መሥሪያ ስትመሩ፣ የድንጋይ ካባ ስትፈቅዱ፣ ተዳፋት ቆርጣችሁ መንገድ ስታስወጡ፣ ያ ሪፖርት ስለምን ከመደርደሪያ አይወርድም?

ማስጠንቀቂያው የዛሬ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበር ተዳፋት ከነቤቱ ተንዷል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ሲንሸራተት ከአንድ ሺህ በላይ ቤት ጠፍቷል፤ ለዚህኛው ትልቅ ነውጥ እንኳ አላስፈለገም። የጣርማበር ባዛልት ላዩ ጽኑ ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል ግን የበሰበሰ የእሳተ ገሞራ አመድና ሸክላ አለ። ያ ሸክላ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ ሲያሟልጭ የተሸከመውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። የዓለም ጂኦሎጂስቶች ይህን ዐለት በጣርማበር ስም ይጠሩታል። በገዛ ወረዳው ስለ እርሱ የተጻፈው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል አያሳዝንም?

«ሕዝቡን የት እናድርሰው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ገበሬ ከአባቱ ርስት በቀላሉ አይነቀልም፤ ትርፍ መሬትም የለም። የምንለምናችሁ ግን ነባሩን ሁሉ አንሡ ብለን አይደለም፤ በተሰነጠቀ መሬት ላይ አዲስ ሰው አታስፍሩ ብለን ነው። «በጀት የለም» ትሉም ይሆናል። የተሠራን ካርታ መግለጥ ምን ያህል በጀት ይፈልጋል? «ባለሙያዎቹ ቀኑን አይነግሩንም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ቀኑንማ ማንም አይነግርም፤ ቦታውን ግን ነግረዋችኋል። ጽፎ ጽፎ ሰሚ ያጣ ወጣት ባለሙያ ሥራውን ጥሎ ወደ ወርቅና ሲሚንቶ ኩባንያ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ስለ ፈጣሪ ብላችሁ፣ በቁልቁለቱ ሥር ስለሚያድሩት ሕፃናት ብላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ እነዚያን ሪፖርቶች አንብቧቸው፤ የጻፏቸውንም ጠርታችሁ አነጋግሯቸው።