«ለዕለቱ ብቻ»

እስከ ዛሬ አምስት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ለመጠየቅ ሄጃለሁ። ፀጉር ሲሸብት ሰው ሽማግሌ ያደርግሃል፤ በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር የኖርክ ከሆነ «እሱ ንግግር ያውቃል» ይባልና የሠፈሩ ቋሚ ተላኪ ሆነህ ታርፈዋለህ። ከአምስቱ አራቱን ደረቴን ነፍቼ አወራለሁ። አምስተኛውን ግን ለባለቤቴም በወጉ አልነገርኳትም። ጥምቀት አልፎ የሠርግ ካርድ በየቤቱ በሚገባበት ሰሞን ዝም ማለቱ ስላቃተኝ ልናገረው።

ሙሽራው የወዳጄ ልጅ ነው። ሙሽራዋ ባንክ የምትሠራ፣ ራሷን የቻለች ሴት ናት፤ ቀድሞ ከነበራት ፍቅር የወለደችው አንድ ወንድ ልጅ አላት። ልጁ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሙሽራው ልጁን ያውቀዋል፣ ይወደዋልም፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። እኛ ሽማግሌዎቹ ሄድን፣ ጠየቅን፣ ተፈቀደልን። ቀን ተቆረጠ። የተደበቀ ነገር አልነበረም።

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው የሙሽራው እናት ስልክ ደወሉልኝ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። ልጁን ጠልቼው እንዳይመስልህ፤ እግዜር ያሳድገው። ግን ከአገር ቤት ዘመድ ይመጣል፤ እናቴም ትመጣለች። ሙሽራይቱን ‹እማዬ› እያለ ቀሚሷን ሲጎትት ቢያዩ ምን ይላሉ? ለዕለቱ ብቻ አክስቱ ዘንድ ቢውል ምናለበት? አንተ ብትነግራቸው ይቀላል። ለሰላም ነው።»

«ለሰላም ነው» ሲባል ማን እምቢ ይላል? ሄድኩ። ለሙሽራዋ አባት በለሰለሰ አማርኛ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ለሰላም ከሆነ ይሁን» አሉ። ሙሽራዋ ቡና እየቀዳች ነበር፤ ቀና አላለችም። እኔም ግዳጁን እንደፈጸመ ሰው ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ መርቄ ወጣሁ።

ሠርጉ አምሮ ነበር። ነጭ በነጭ የለበሱ ሁለት ሕፃናት አበባ እየበተኑ ከሙሽሮቹ ፊት ፊት ገቡ። አንደኛው የሙሽራው የእህቱ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ግን ለቪዲዮው ታምራለች ተብላ ከጎረቤት የመጣች ልጅ ነበረች። የሰው ልጅ ተውሰን የራሳችንን አስቀመጥን ማለት ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ ጥብሱ ላይ ነበርኩ።

በቅልቅሉ ዕለት የሙሽራው አያት፣ ያ ሁሉ የተፈራላቸው አሮጊት፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «የልጅቱ ልጅ የታለ? አላየሁትም» አሉኝ። ክው አልኩ። አሮጊቷ ከአውቶቡስ ሳይወርዱ በፊት ያውቁ ኖሯል። ምን ልበላቸው? «ትንሽ አሞት ነው» አልኩ። «ውይ፣ እግዜር ይማረው» አሉ።

ከወራት በኋላ ባልና ሚስቱ ምሳ ጠሩኝ። የሠርጉ አልበም ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ገጹን ከኔ ቀድሞ ይገልጣል። ማየቱ አይደለም፣ መፈለጉ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰና ወደ እናቱ ዞረ።

«እኔ የት ሄጄ ነው?»

«አሞህ ነበር» አለችው።

«አላመመኝም። አክስቴ ቤት ኳስ እያየሁ ነበር።»

የኔ ውሸት ነበረች። ከአፌ ወጥታ፣ በዘመድ ዞራ፣ እናትዬዋ ጋ ደርሳ፣ ለባለቤቱ ለልጁ ተመለሰች።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ «ታዲያ አንድ ቀን ነው፣ ምን ይጋነናል?» የምትል ከሆነ ጠብ አለኝ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አምስት ወር የተዘጋጀንበት፣ ብድር የገባንበት፣ አዳራሽ የተከራየንበት ለምንድን ነው? ሠርግ እኮ «እነሆ ቤተሰባችን ይህ ነው» ብለን ለአገር የምናሳይበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን የተቀነሰ ሰው ከቤተሰቡ እንደተቀነሰ ቢሰማው አይፈረድበትም፤ ስምንት ዓመት ላይ ደግሞ ሰው መቁጠርም መቀነስም ያውቃል።

እስቲ ይህን «ሰላም» የምንለውን ነገር እንመርምረው። በየቤታችን ሰላም ሲፈለግ የሚጠየቀው ማን ነው? የሚጮኸው? የሚያኮርፈው? «እኔ ከዚህ ሠርግ አልቆምም» ብሎ የሚዝተው? አይደለም። የሚጠየቀው መጣላት የማይችለው ነው። ሕፃኑ አያኮርፍም፣ ሽማግሌ አይልክም፣ ካርድ አይመልስም። ስለዚህ ሒሳቡን እሱ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ሰላም አልለውም፤ ጠቡን አቅም ለሌለው ማሸከም ነው።

ጠቡ ደግሞ የትም አልሄደም። ያቺ ሙሽራ ዛሬም አማቷን «እትዬ» ትላቸዋለች። ታከብራቸዋለች፣ በዓል አትቀርባቸውም። «እማዬ» ግን ብላቸው አታውቅም። ሴትዮዋ «ምን በደልኳት?» ይላሉ። እኔ አውቀዋለሁ፤ የመንገር ወኔ ነው ያጣሁት። ይህን ጽሑፍ ካነበቡ አሁን ያውቁታል።

«ሰው ምን ይላል» የሚለውም ቢሆን ውሃ አያነሳም። ሰው አስቀድሞ ብሎ ጨርሷል! አራት መቶ ሰው የሚያውቀው ነገር ምስጢር አይባልም። የዚያን ዕለት ከሠርገኛው ማንም አዲስ ነገር አልተማረም። የተማረው ልጁ ብቻ ነው። የተማረውም የእናቱ ደስታ እሱ በሌለበት ይበልጥ እንደሚያምር ነው።

ስናስተምር የነበርነውስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ትውልድ በፊታውራሪ መሸሻ ስቋል! የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች በዘርና በአጥንት እየመዘኑ ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀሩት ፊታውራሪ ክፍሌ ውስጥ የሳቅ ምንጭ ነበሩ። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ያ ሁሉ ሳቅ ግን ቅዳሜ ሽምግልና ስሄድ አልተከተለኝም፤ የልጁን አመጣጥ መዝኜ «ለአዳራሹ አይሆንም» ብዬ ያስቀረሁት እኔው ነኝ። ፊታውራሪ ቢያንስ የሚያደርጉትን በግልጽ ነው ያደረጉት።

«ባህላችን ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የትኛው ባህል? በኦሮሞ ዘንድ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ነው። በሌላውም አካባቢ «የጡት ልጅ» የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ያደርገዋል። ልብ በሉ፤ ይህ በጓዳ አይደረግም፣ ሰው እያየ ነው። አባቶቻችን ያልወለዱትን ልጅ «ልጄ ነው» ሲሉ ምስክር ይጠሩ ነበር፤ ሳይመሰከር የቀረ ዝምድና እንደማይጸና ያውቃሉና። እኛ አራት መቶ ምስክር ተሰብስቦልን ልጁን አክስቱ ቤት እንልካለን። ባህል የጎደለው ማነው?

ሕጉም ቢሆን ከኛ ቀድሟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። እርግጥ ሕገ መንግሥት የሠርግ ካርድ አያድልም። ፍርድ ቤት እኩል ያደረገውን ልጅ አዳራሽ በር ላይ ማበላለጥ ግን የኛ ሥራ ሆኗል።

ቋንቋችንም አግዞናል። ሃያ ዓመት እንጀራዬ የነበረ ቋንቋ ነውና ልታዘበው መብት አለኝ። «የእንጀራ ልጅ» እንላለን። ፍቅሩ ቀርቶ ምግቡ ብቻ የተቆጠረ አይመስልም? ብላ፣ ጠጣ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ጓዳ ግባ። ከዚያ የከፋውን ቃል ሁላችሁም ስለምታውቁት እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ክርክር ግን አከብራለሁ። «ልጁ ራሱ ባይፈልግስ? ጫጫታው ቢያስጨንቀውስ? የእናቱን ማግባት ገና ባይቀበለውስ?» እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። መልሱ ቀላል ነው፤ ይጠየቅ! እኛ ቤት ስለ ኬኩ ፎቅ ብዛት የሚዜዎች አስተያየት ይጠየቃል፣ ስለ ከረቫቱ ቀለም ስብሰባ ይጠራል። ልጁን ግን «አንተስ የት መቀመጥ ትፈልጋለህ?» ያለው የለም። መቅረቱን ከመረጠ መብቱ ነው። ራስ መቅረትና በሰው መቅረት ግን ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ የጋዜጣ ሰው አመል ነውና ከአምስት ሽምግልና የተረፈኝን ላካፍል። አንደኛ፣ የልጁ ነገር በመጀመሪያው ቀን ይነሳ። ዘመድ ስለ ጥሎሹ ዝርዝር ሲነጋገር ውሎ ስለ ልጁ አሥር ቀን ሲቀር ማውራት «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው፤ በችኮላ የሚቀነጠሰው ደግሞ ልጁ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የራሱን እናት ራሱ ያናግር። ሙሽራው «እማዬ፣ እሷን ሳገባ እሱንም ነው» ቢላቸው ኖሮ እኔ ባልተላክሁ፣ ሙሽራዋም አንገቷን ባልደፋች ነበር። አማትን ለምራት፣ ምራትን ለአማት ትቶ መሀል ላይ ዝም የሚል ወንድ የጠቡ ሁሉ ባለ አክሲዮን ነው። ሦስተኛ፣ የልጁ አባት በሕይወት ካለና ልጁን የሚጠይቅ ከሆነ ቀድሞ ይሰማ፤ ከሰው አፍ ሲሰማ ነው ነገር የሚበላሸው።

አራተኛ፣ ማስገባት ማለት ማሳያ ማድረግ አይደለም። ልጁን ሱፍ አልብሶ፣ ቀለበት አስይዞ፣ ካሜራ ፊት «በል አባዬ በለው» ማለት ሌላው ግፍ ነው። «አባዬ» በፕሮግራም መሪ ትእዛዝ አይወጣም፤ ከወጣ በራሱ ጊዜ ይወጣል። የሚወዳት አክስት አጠገቡ ትቀመጥ፤ ሲሰለቸው ይዛው ትውጣ፤ ሲርበው ቀድሞ ይብላ። እናቱ በምታየው ቦታ ይሁን። ሽማግሌም ሲመርቅ «ውለዱ፣ ክበዱ» ከማለቱ በፊት የተወለደውን በስሙ ጠርቶ ይመርቅ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚጠፋው ገንዘብ አንድ ወንበርና አንድ ሳህን ነው።

የሙሽራው እናት ክፉ ሴት አይደሉም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ልጃቸው እንዳይታማ የፈሩ እናት ናቸው፤ እኔም ፍርሃታቸውን ማብረድ ሲገባኝ ተሸክሜ አደረስኩት። የሽማግሌ ሥራ የተላከውን ሁሉ ማድረስ ከሆነ ፖስታ ቤት ይበቃን ነበር። «እትዬ፣ ይህን አልናገርም፤ ይልቅ ከእናትዎ ጋር እኔ ላውራ» ብል ኖሮ ምን ይደርስብኝ ነበር? ቢበዛ አንድ ሳምንት ኩርፊያ። ያን ፈርቼ ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ሁለት ሰው ሽማግሌ እንድሆን ጠይቆኛል። ሁለቱንም፣ ገና ጋቢዬን ሳላነሳ፣ «ከወዲህም ሆነ ከወዲያ ልጅ አለ ወይ?» አልኳቸው። አንደኛው «የለም» አለኝ፤ ሄድኩለት። ሁለተኛው «አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ግን እሷ ለዕለቱ...» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። «መጀመሪያ እሷን ጠይቃትና ተመልሰህ ና» አልኩት።

እስካሁን አልተመለሰም። እየጠበቅሁት ነው።