ከሩቅ የሚታዘዝ መሣሪያ ሲገዛ ደላላው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ

የነጋዴ ሀብት በዘበኛ ዐይን ብቻ ተጠብቆ የማያድርበት ዘመን ደርሷል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ የሚገባውን መድኀኒት ያስመጣ ነጋዴ፤ ወደ ውጭ አገር የሚልከውን አበባና ሥጋ በማቀዝቀዣ ክፍል ያኖረ ላኪ፤ በሱቁ ወተትና ቅቤ የሚሸጥ ቸርቻሪ፥ መብራት በሌሊት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሳይነሣ ቢቀር ወሬውን የሚሰማው ማለዳ በሩን ሲከፍት ነው። ያን ጊዜ የቀረው ሥራ ጉዳቱን መቍጠር እንጂ ዕቃውን ማዳን አይደለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

መፍትሔው ዛሬ ከትንሹ ባለ ሱቅ ዐቅም በላይ አይደለም። ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው፥ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የኮምፒዩተር ቅንጣት፥ የሙቀቱን ልክ ከመለኪያው ያነባል፤ ሪሌ በሚባለውም መሣሪያ አማካይነት ሞተር ያስነሣል፥ ያቆማል። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ኢ.ኤስ.ፒ.8266፥ በ2016 ደግሞ ኢ.ኤስ.ፒ.32 የተባሉትን ባለ ዋይፋይ ቅንጣቶች ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፥ የዚህ ዐይነቱ ዕቃ ዋጋ እጅግ ረክሷል።

መሣሪያው ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገርበትም ሥርዐት ተገኝቶለታል። ይኸውም ኤም.ኪው.ቲ.ቲ. የሚባለው ቀላል የመልእክት ስምምነት ነው። ይህን በ1999 ያወጡት የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያ አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና የአርኮም ኩባንያ ባልደረባ አርለን ኒፐር ሲሆኑ፥ ዐላማቸው በምድረ በዳ የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመቈጣጠር ነበር። የሳተላይት መስመር ጠባብና ውድ ስለ ነበረ መልእክቱ አጭር መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ የመልእክቱ ራስጌ ሲያንስ 2 ባይት ብቻ ነው። ስምምነቱ በ2010 ማንም ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ተለቀቀ፤ በ2014 የኦኤሲስ፥ በ2016 ደግሞ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደረጃ ሆነ። መስመሩ ለሚቈራረጥበት አገር የሚስማማውም ስለዚሁ አፈጣጠሩ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ለነጋዴ አይከብደውም። ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ በደላላ እንደሚገናኙ ሁሉ፥ ላኪውና ተቀባዩ መሣሪያ በመካከላቸው ደላላ አላቸው። የማቀዝቀዣው መለኪያ «የመጋዘን ሙቀት» በሚል ርእስ ቍጥሩን ለደላላው ይሰጣል፤ ያን ርእስ እንዲደርሰው የጠየቀው የባለቤቱ ስልክ ይቀበላል። ባለቤቱም በበኩሉ «ጄኔሬተር» በሚል ርእስ ትእዛዙን ይልካል፤ ቅንጣቱ ተቀብሎ ይፈጽማል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የሚታዘዘው ዋጋውን ለከፈለው ሰው ሳይሆን ደላላውን ለያዘው ነው። በየሱቁ የሚሸጡ ብዙ ተዘጋጅተው የመጡ ዕቃዎች ደላላቸው በሩቅ አገር በአምራቹ እጅ ያለ፥ ገዢው የማይነካው ነው። አምራቹ ከሥራው የወጣ ቀን ዕቃው ድዳ ይሆናል። በአሜሪካ ሬቮልቭ የሚባለው የቤት መቈጣጠሪያ፥ ኩባንያው በ2014 በኔስት ከተገዛ በኋላ በ2016 አገልግሎቱ ሲዘጋ፥ ምንም ሳይሰበር ከጥቅም ውጭ ሆኗል። በሳሎን አምፖል ላይ ቢደርስ የሚቻል ይሆናል፤ በመድኀኒት መጋዘን ላይ ቢደርስ ግን ኪሳራ ነው።

«ትንሹ ባለ ሱቅ ባለሙያ ከየት ያመጣል? ተዘጋጅቶ የመጣው ይሻለዋል» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ እውነት አለበት፤ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ደላላ ይያዝ ማለት አይቻልም። ደግሞም ደላላው በሱቁ ውስጥ ብቻ ቢቀመጥ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጨልማል፤ ባለቤቱም ምንም አይሰማም። ነገር ግን የአንድ ገበያ ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው በሌላ ስፍራ አንድ ደላላ ቢያቆሙና አንድ ባለሙያ ቢቀጥሩ፥ ወጪው በየድርሻው ቀላል ይሆናል። ለደላላው የሚያስፈልገው ሶፍትዌር፥ ለምሳሌ ሞስኪቶ የሚባለው፥ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ለእያንዳንዱ አባል የየራሱ የምሥጢር ቃል ተሰጥቶት፥ ከራሱ ርእስ በቀር የጎረቤቱን እንዳያይ ማድረግም ይቻላል።

ትእዛዙም በጥንቃቄ ሊሰናዳ ይገባል። ደላላው መልእክት ሳይደርስ እንዳይቀር ሲል ሁለት ጊዜ የሚያደርስበት አሠራር ስላለ፥ ትእዛዙ «አብራ» ወይም «አጥፋ» ይሁን እንጂ «ያለበትን ገልብጥ» አይሁን፤ አለዚያ በአንደኛው የተነሣው ሞተር በሁለተኛው ይቆማል። ትእዛዝ በደላላው ዘንድ ተይዞ እንዲቈይ ከተደረገም፥ መሣሪያው መስመሩ ተቋርጦ በተመለሰ ቍጥር የትናንቱን ትእዛዝ እንደ አዲስ ይቀበላል።

በንግድ ቤት ዝምታ ወርቅ አይደለም። ስምምነቱ ለዚህ ያዘጋጀው «የመጨረሻ ኑዛዜ» የሚባል ነገር አለው። መሣሪያው በየ60 ሴኮንዱ ድምፁን ሊያሰማ ቃል ገብቶ 90 ሴኮንድ ዝም ቢል፥ ደላላው አስቀድሞ የተቀበለውን ኑዛዜ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ ያልተሠራበት መሣሪያ ሲሞት እንደ ደኅና ይቈጠራል። የሱቁ ራውተር ባትሪ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የማስነሣቱ ሥራ በቅንጣቱ ውስጥ ይጻፍ እንጂ ከስልክ ትእዛዝ አይጠብቅ፤ በእጅ የሚዞረውም ማብሪያ ከግድግዳው ላይ አይነሣ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። 1883 በሚባለው የተለመደ በር የሚያልፍ መልእክት እንደ ተከፈተ ደብዳቤ በመንገድ ይነበባል፤ በ8883 በኩል ግን ታሽጎ ይሄዳል። የምሥጢር ቃል በሌለው ደላላ ላይ የተሠራ መሣሪያ ቍልፉ በሩ ላይ እንደ ተተወ መጋዘን ነው፤ ሌላ ሰው ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት፥ ባለ ሱቁም ከመግዛቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ዕቃው በዚህ ክፍት ስምምነት ይነጋገራል ወይ? የደላላው አድራሻ በገዢው እጅ ሊለወጥ ይችላል ወይ? መልእክቱስ ታሽጎ ይሄዳል ወይ? ለሦስቱ መልስ የሌለውን ሣጥን በርካሽ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ለጊዜው ትርፍ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የደንበኛው ዕቃ በተበላሸ ማግሥት የሚጠየቀው በሩቅ ያለው አምራች ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው።