«ዲኤክሷን አውቶማቲክ ላድርጋት ወይ?» ለምትሉኝ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከአጎቱ የቀረችለትን ዲኤክስ ኮሮላ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ አቁሞ እያደሳት ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም ወርዷል። «ቲቸር፣ ከወረደ አይቀር አውቶማቲክ ላስገባላት?» ይላል። ሌሎቻችሁም ስለ ፔጆም ስለ ቮልስም ስትጠይቁኝ ነበር፤ እዚሁ ለሁላችሁም ልመልስ።

መልሴ አጭር ነው፦ ተው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

«ማንዋል የወንድ መኪና ነው» የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። የኔ ምክንያት መንገዳችን ነው። ከኮምቦልቻ በደጋንና በገርባ ስትመጣ ዳገቱና ጠመዝማዛው አለ። ከባቲ ወደ ሚሌ ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው የምትወርደው፣ አየሩም እየጋለ ይሄዳል። የአሰብ ዘመን ሾፌሮች በዚህ መንገድ ከባድ መኪና ያወረዱት በፍሬን ብቻ አልነበረም፤ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩን እያስያዙ ነው።

«አውቶማቲክም ኤል እና 2 አለው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አለው። ግን በዚያ ዘመን አውቶማቲክ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ዘይት ነው፤ ይንሸራተታል፣ የሞተሩ መያዝም ይላላል። ዳገት ላይም ያው ዘይት ጉልበት ይበላል፤ 1.3 ሊትር ሞተር ደግሞ የሚበላ ትርፍ ጉልበት የለውም። የተበላው ጉልበት ሙቀት ይሆናል፣ ሙቀቱን የሚያበርደው ራዲያተሩ ነው። የአርባ ዓመት ራዲያተር፣ በአፋር ፀሐይ! አስቡት እንግዲህ።

ብልሽት ሲመጣስ? ማንዋል ባትሪዋ ቢሞት ሦስት ልጆች ገፍተዋት በሁለተኛ ማርሽ ትነሳለች። ሰኞ የገበያ ቀን ከሆነማ ገፊ አታጡም። አውቶማቲክ ግን ተገፍቶ አይነሳም፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ካልዞረ ግፊት የለም። በዚሁ ምክንያት የኋላ ጎማዋ መሬት እንደነካ ረጅም መንገድ ከተጎተተች ካምቢዮው ያለ ዘይት ዞሮ ይቃጠላል። እኛ ጋ የተበላሸ መኪና በምን እንደሚነሳ ደግሞ ታውቃላችሁ፦ በገመድ፣ ከአይሱዙ ኋላ።

ጋራዥ ውስጥ የምንናገረው ቋንቋ ራሱ የማንዋል ቋንቋ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን ያደረግናቸው ናቸው፤ ዕውቀቱም አብሮ ከእጅ ወደ እጅ ወርዷል። ፍሪሲዮን የሚቀይር ልጅ በየከተማችን አለ። የድሮ አውቶማቲክ ፈቶ በትክክል የሚገጥም ግን ብርቅ ነው። ሥራው ደግሞ ካምቢዮ አውርዶ ካምቢዮ መስቀል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቮላኖው ይወጣል፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ ርዝመቱ ላይገጥም ይችላል፣ ወደ ራዲያተር የዘይት ቱቦ ይዘረጋል፣ ፔዳሉ ይቀየራል። አንዱ ቦታ ላይ «በብየዳ ይሆናል» ከተባለ አለቀ።

ግራ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከሆነ ክርክሬን አነሳለሁ። ለሱም ግን ከፋብሪካ አውቶማቲክ ሆና የወጣች ፈልግ ነው የምለው። አዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሚውለውም ይገባኛል።

ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን አያውቅም፤ ሁለት ፔዳል ለሚፈልግ ወደፊት ሞልቶለታል። ልጆቻችን ማርሽ ምን እንደሆነ በእጃቸው የሚያውቁት በነዚህ አሮጌ መኪኖች ነው። አንተ ደግሞ እሱኑ ላውልቅ ትለኛለህ!

አብሽር፣ ብሩን እንዲህ አውለው። የፍሪሲዮኑን ሸራ ከነፕሬዠር ፕሌቱ፣ ከነኩሽኔታው አንድ ላይ ቀይር። ቮላኖው ከተበላ ቶርኖ ቤት ውሰደው። የሞተሩን የኋላ ዘይት ማገጃ አሁኑኑ ለውጠው፣ በኋላ ዘይት አንጠባጥቦ አዲሱን ሸራ እንዳያበላሽብህ። ማርሽ ስትቀንስ ይንጫጫ ከነበረ ካምቢዮውን ሳትከፍት እንዳትሰቅለው። ከዚያ 90 ዘይት ሙላና ፎቶ ላክልኝ።