ድምፁን ማፈን ጥገና አይደለም

የምንነዳት መኪና ከብዙዎቹ የዚህ መጽሔት አንባብያን በዕድሜ ትበልጣለች። በአንድ ክረምት፣ ጠዋት ስናስነሣት ከኮፈኗ ሥር «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ ከወለሏ ሥር ደግሞ ከባድ ጩኸት ታሰማ ጀመር። የወሰድናት ጋራዥ ባለሙያ የተበሳውን የጭስ ማውጫ በቆርቆሮ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። «ጠቅ ጠቅ» የሚለውን ግን «ሲሞቅ ይጠፋል፤ አያሳስብዎት» ብሎ አሰናበተን። እውነትም ጩኸቱ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ግን በዝናቡ ምክንያት መስኮት ዘግተን ቤት በደረስን ቁጥር ራሳችንን ያመን፣ ያቅለሸልሸንም ነበር። በድካም አሳበብነው። መኪናዋን በማናንቀሳቅስበት እሑድ ሕመሙ እንደማይኖር እስክናስተውል ድረስ ሳምንታት አለፉ። ፊዚክስ እናስተምራለን እያልን በገዛ መኪናችን ውስጥ ያለውን ፊዚክስ አለማየታችን ዛሬም ያሳፍረናል።

እንደሚታወቀው ቤንዚን በበቂ ኦክስጅን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል፤ ኦክስጅኑ ሲያንስ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ከሰሉን ሁላችንም እንፈራለን፤ ከእግራችን ሥር የሚያፈሰውን ቱቦ ግን በጩኸቱ ብቻ እንመዝነዋለን። ቆርቆሮ ድምፅን ቢቀንስም ጋዝን አያግድም።

በከፍተኛ ቦታ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራተር በዚህ የሳሳ አየር ሲሠራ የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ ይበዛል፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል።

«ጠቅ ጠቅ» የሚለውስ ምን ነበር? በደቂቃ 900 ጊዜ የሚሽከረከር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በየሰከንዱ 30 ጊዜ ጭስ ይተፋል። ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ብረት ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ከላላ፣ የግፊቱ ምት በክፍተቱ እየሾለከ ይሰማል። ይህ ብረት ግማሽ ሜትር ርዝመት ኖሮት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ብረቱ ሲለጠጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ድምፁም ይጠፋል። እንግዲህ «ሲሞቅ ይጠፋል» የተባልነው የበሽታው ምልክት እንጂ የጤንነት ማረጋገጫ አልነበረም። ይኸው መለጠጥና መኮማተር በየዕለቱ ሲደጋገም ብሎን ይበጥሳል፣ ብረትም ይሰነጥቃል።

ሁለተኛው መካኒክ አዛውንት ነበሩ። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በደጅ፣ የውሃ ጎማ ጫፍ በጆሯቸው ላይ አድርገው ሌላውን ጫፍ በየመገጣጠሚያው አዞሩት። ከዚያም ጥቁር ጥቀርሻ ፈለጉ፤ ጭስ የሾለከበት ቦታ አሻራውን ይተዋልና። በመጨረሻም ሞተሩን አጥፍተው በጭስ ማውጫው ጫፍ አየር እየነፉ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀቧቸው፤ አረፋ የተነሣበት ቦታ ቀዳዳው ነበር። «ዶክተር፣ ይቺ እኮ ታማ ነው የምትናገረው፤ አፏን መዝጋት ምን ይረባል?» አሉን።

ጥገናውም እንደ ምርመራው ሥርዓት ነበረው። የተቃጠለው ጓርኒሲዮን በአዲስ ተተካ። የሰብሳቢው ብረት ፊት መጣመሙ በቀጥታ ማስመሪያ ስለታወቀ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ። ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር ተራ በተራ ጠበቁ፤ አለበለዚያ ኃይሉ እኩል አይከፋፈልም። በቆርቆሮ የተሸፈነው የበሰበሰ ቱቦም ተቆርጦ አዲስ ተበየደ። የበሰበሰው ከውስጥ ነበር፤ 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራልና። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ማርሚታዋ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ፣ ውሃው ሳይተን እዚያው ያዝገዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ራስ ምታቱ አልተመለሰም።

ከዚህ ገጠመኝ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ቢከለከልም፣ አስቀድመው የገቡት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት በመካከላችን ይኖራሉ። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ፍተሻ የቦሎ ወቅት ሲደርስ ብቻ የሚታወስ ጉዳይ ሊሆን አይገባም። በመኪና ውስጥ ራስ ምታት የሚሰማው ሰው መስኮት ከፍቶ፣ ቆሞ፣ ወርዶ ንጹሕ አየር ይተንፍስ፤ መኪናውም ሳይፈተሽ አይንቀሳቀስ።

ሁለተኛው ለእኛ ለመምህራን ነው። የሙቀት መለጠጥን ቀመር በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ተማሪውም ለፈተና ያጠናዋል። ያ ቀመር በጠዋት በአባቱ ታክሲ ውስጥ «ጠቅ ጠቅ» ሲል ግን አይለየውም፤ እኛም አለየነውም። አዛውንቱ መካኒክ ያደረጉት ግን ምልክቱን ማድመጥ፣ መላምት ማቅረብ፣ መፈተንና ምክንያቱን ማስወገድ ነበር። ሳይንስ የምንለው ከዚህ ሌላ አይደለም። አንድ አሮጌ ሞተር ወደ ቤተ ሙከራችን ቢገባ፣ እንደ እርሳቸው ያለ ባለሙያም በእንግድነት ቢጋበዝ ለፊዚክስ ትምህርታችን ክብር እንጂ ውርደት አይሆንም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መኪናችን በሽታዋን አልደበቀችም ነበር፤ የደበቅንባት እኛ ነን።